ሃያ ቶን መርዝ

ዘጠና አምስት ቦምብ። ከታኅሣሥ 14 ቀን እስከ ሚያዝያ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ድረስ የጣሊያን አየር ኃይል በደቡብ ግንባር የጣላቸው፣ በሰናፍጭ ጋዝ የተሞሉ ትልልቅ ቦምቦች ቁጥር ይህ ነው። ቁጥሩን ከጦር ሰነዶች ፈልፍለው ያወጡት እነ አንጄሎ ዴል ቦካና ጆርጆ ሮሻ ናቸው፤ ሁለቱም ጣሊያናውያን የታሪክ ሰዎች። ቦምቡ ሲ 500 ቲ ይባላል። ክብደቱ 280 ኪሎ ሲሆን 212 ኪሎው ፈሳሽ መርዝ ነበር። ዘጠና አምስትን በ212 ብናባዛው 20,140 ኪሎ ይመጣል፤ በገበያችን አነጋገር 201 ኩንታል። ዛሬ በሻሸመኔና በአዶላ አድርጎ ወደ ነጌሌ ቦረና የሚወርድ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና 400 ኩንታል ይጭናል። በእነዚያ ቦምቦች ሆድ ውስጥ የነበረው የሰናፍጭ ጋዝ የአንድ መኪና ግማሽ ጭነት ነበር ማለት ነው።

ስለ መርዝ ጋዙ ስንሰማ ያደግን ሰዎች በሐሳባችን ያለው ምስል እንደ ዝናብ ሲወርድ የዋለ፣ ልክ የሌለው መርዝ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው መጠን ግን የሚቆጠርና የሚመዘን፣ አንድ መጋዘን ጥግ የሚገባ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ትንሽነቱ ነው። ከሲ 500 ቲ ሌላ በደቡብ ግንባር ከ170 የሚበልጡ ባለ21 ኪሎ የሰናፍጭ ጋዝ ቦምቦችና ፎስጂን የተባለ ሌላ መርዝ ጋዝ የያዙ ከ300 የሚበልጡ ቦምቦች ተጥለዋል። ሁሉም ከነብረታቸው ቢመዘኑ 44 ቶን ገደማ ነው። በአፍንጫችን ሥር ያለው የደቡብ ቆላ በመርዝ የተመታው በዚህ መጠን ነው።

ነጌሌን ብዙ አንባቢ የሚያውቃት በጥር 1966 ዓ.ም. ወታደሮች በውሃና በምግብ ጉዳይ ባመፁባት፣ የአብዮቱ የመጀመሪያ ጉምጉምታ በተሰማባት ከተማነቷ ነው። ከዚያ 38 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ሌላ ታሪክ ነበራት። የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ከይርጋለም ተነሥተው ሠራዊታቸውን በነጌሌ በኩል አሳልፈው፣ ገናሌን ይዘው ወደ ዶሎ ይወርዱ ነበር። ከወዲያ ከሶማሊያ የሚመጣው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። ሙሶሊኒ ገና በጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጎራሄ ምሽግ በኦጋዴን ሳይወድቅ በፊት፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ጋዝ መጠቀም እንደሚችል በቴሌግራም ፈቅዶለት ነበር። በታኅሣሥ ወር ግራዚያኒ ራስ ደስታን ለማቆም ነፃ እጅ እንዲሰጠው ደግሞ ጠየቀ፤ ታኅሣሥ 6 ቀን ፈቃዱ ታደሰለት። ስምንት ቀን ቆይቶ አውሮፕላኖቹ አሬሪ በተባለ ስፍራ ላይ የመጀመሪያውን የመርዝ ጭነት አራገፉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን በገናሌ ዳርቻ መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በአውሮፕላን ተደበደበ፤ መሪው ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰሉ፣ ባልደረባቸው ጉናር ሉንድስትሮም ሞቱ፣ በድንኳኑ የተኙ ብዙ ቁስለኞች እዚያው አለቁ። ጥር 3 ቀን የገናሌ ዶሪያ ውጊያ ተከፈተ። የራስ ደስታ ሠራዊት በቦምብ፣ በታንክና በመትረየስ ተበታተነ፤ በነጌሌ ላይም አስቀድሞ ቦምብ ዘንቦባት ነበር። ጣሊያኖች የገቡባት ጥር 11 ቀን፣ የጥምቀት ዕለት ነው። ግራዚያኒ ለዚህ ሥራው «የነጌሌ ማርኪስ» የሚል የመኳንንት ማዕረግ ተሸለመ፤ ጣሊያን ለአንድ ሰርጓጅ የጦር መርከቧም የነጌሌን ስም ሰጠች። አንዲት የቆላ ከተማ በሜዲትራኒያን ባሕር ሥር ስትጠራ የኖረችው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ መጠኑ ልመለስ፤ ጥያቄው ሃያ ቶን እንዴት በቃ የሚል ነውና። የታሪክ ሰዎቹ እንደጻፉት አንድ ሲ 500 ቲ የሚበክለው ሞላላ መሬት ርዝመቱ ከ500 እስከ 800 ሜትር፣ ወርዱ ከ100 እስከ 200 ሜትር ነበር። በሄክታር ሲሰላ ከ4 እስከ 12 ቢሆን ነው። ዘጠና አምስቱም አንዱ በሌላው ላይ ሳይደርብ ቢወድቅ እንኳ የሚሸፍኑት ቢበዛ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከዶሎ እስከ ነጌሌ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋውን ምድር ለሚያውቅ ሰው ይህ ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ካርታ ላይ ቢነጠብ አይታይም።

ነገር ግን በዚያ አገር ሰውና ከብት በመሬቱ ላይ እኩል አይሰፍርም። ወሩ ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ቦና። ኩሬው ደርቋል፣ ሣሩ ገርጥቷል፣ ከብቱም ግመሉም ሠራዊቱም የሚወርደው ወደ ገናሌና ወደ ዳዋ ብቻ ነው። የቦረናን ዘጠኝ ጥንታዊ የኤላ፣ ማለትም የጥልቅ ውሃ ጉድጓድ፣ ሥፍራዎች ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም፦ ሰዎች ከሥር እስከ ላይ ተደርድረው ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ ያወጣሉ፣ መንጋው በተራ ይጠጣል፣ የማን ተራ መቼ እንደሆነ በሕግ የተወሰነ ነው። መርዙ በእነዚያ ኤላዎች ላይ ወደቀ አላልሁም። የወደቀው በወንዞቹ መሻገሪያዎች፣ በመንገዶችና በሰፈሮች ላይ ነው። ግን ነገሩ ያው ነው፤ ሁሉም ሕይወት በጥቂት ነጥቦች ላይ በሚከማችበት አገር፣ እነዚያን ነጥቦች የመታ ሰው አገሩን በሙሉ መታ። አሥራ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር የበቃው ለዚህ ነው።

የሰናፍጭ ጋዝ ሲነካ አያቃጥልም። ቅባት መሳይ ጠብታው በሣሩና በቁጥቋጦው ላይ ይቀመጣል፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ ወታደር ይረግጠዋል፣ እረኛው ዳስሶት ያልፋል፤ ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው። ከዚያ ቆዳው ይላጣል፣ ዓይን ይዘጋል፣ የተነፈሰው ሳንባው ይቆስላል። የራስ ደስታ ወታደሮች ጭምብል አልነበራቸውም፤ የዘላኑ ቤተሰብማ ምን ነገር እንደወረደበት የሚነግረው ሰው እንኳ አልነበረውም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ሲናገሩ ወታደር ብቻ ሳይሆን ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ከብቶች፣ ወንዞችና የግጦሽ መሬት በመርዙ እንደተነኩ ዘርዝረዋል።

በሰሜን ግንባር የወረደው ከዚህ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ከታኅሣሥ 12 እስከ መጋቢት 20 ቀን ባለው ጊዜ 972 ሲ 500 ቲ ቦምቦች በተከዜ፣ በተምቤን፣ በአምባ አራዶምና በማይጨው አካባቢ ተጥለዋል። የሁለቱ ግንባር ድምር 1,067 ቦምብ፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ 226 ቶን ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት ዋሻ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የተለቀቀው መርዝ ከዚህ ቁጥር ውጪ ነው።

226 ቶንን ከዓለም ክምችት ጎን ስናቆመው ምን ያህል ያንሳል? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተፋላሚዎቹ የተጠቀሙት ጋዝ ከ100,000 ቶን በላይ ነው። በኋላ አገሮች በየመጋዘናቸው ያከማቹትና ለዓለም አቀፉ የኬሚካል ጦር መሣሪያ ክልከላ ድርጅት ያሳወቁት ደግሞ 72,304 ቶን ነበር። የመጨረሻው ቁራጭ አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ የተደመሰሰው ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ቅርብ ጊዜ። ይህ ክምችት በኢትዮጵያ በሁለቱ ግንባሮች በትልልቅ ቦምቦች ከወረደው 320 እጥፍ፣ በደቡብ ግንባር በእነዚሁ ትልልቅ ቦምቦች ከወረደው የሰናፍጭ ጋዝ ደግሞ 3,590 እጥፍ ነበር። አንድ የጎሳ ምድር በሃያ ቶን እንዲህ ከሆነ፣ 72,304 ቶን የሚበቃለትን የሰው ብዛት ለማሰብ አእምሮዬ እምቢ ይላል።

ያኔ የነበረው ሕግ ምን ይል ነበር? ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የተፈረመው ፕሮቶኮል በጦርነት መርዝ ጋዝ መጠቀምን ይከለክላል። ጣሊያን በ1920 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። ኢትዮጵያም በዚያው ወረራው በተጀመረበት በመስከረም 1928 ዓ.ም. ገብታበታለች። ነገር ግን ፕሮቶኮሉ የከለከለው መጠቀምን ብቻ ነው። መሥራትን፣ ማከማቸትን፣ ጥሬ ዕቃውን መሸጥን አልነካም፤ ፋብሪካ ገብቶ የሚያይ ተቆጣጣሪም አልነበረውም። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን እንኳ አልጨመረም፣ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። መርዙን የያዙ ሣጥኖች ከአውሮፓ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች ሲደርሱ አንድም ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የመክፈት ግዴታ አልነበረበትም።

ያንን ጉድለት የሞላው በጥር 1985 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ለፊርማ የቀረበው የኬሚካል ጦር መሣሪያ ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ በተከፈተ በማግስቱ፣ ጥር 6 ቀን ፈረመች፤ ግንቦት 5 ቀን 1988 ዓ.ም. አጸደቀች፤ ስምምነቱ ሚያዝያ 21 ቀን 1989 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ 193 አገሮች አሉበት። ከሞያሌ ማዶ ያለችው ኬንያ ከመጀመሪያው ጀምሮ አባል ናት፤ ከዶሎ ማዶ ያለችው ሶማሊያ በ2005 ዓ.ም. ገብታለች። ውጪ የቀሩት አራት ሲሆኑ ከእነሱ ሁለቱ ግብፅና ደቡብ ሱዳን ናቸው፤ ሁለቱም የአባይ ተፋሰስ አገሮች።

ስምምነቱ ኬሚካሎችን በሦስት ሠንጠረዥ ይከፍላቸዋል። ለጦር መሣሪያ ከሆነ አንዲት ጠብታም አይፈቀድም፤ ይህ መታወቅ አለበት። ለሰላማዊ ሥራ ሲሆን ግን በየሠንጠረዡ የመጠን ወሰን አለ። የሰናፍጭ ጋዝ ራሱ በአንደኛው ሠንጠረዥ ነው፤ አንድ አገር ለምርምር፣ ለሕክምናና ለመከላከያ ጥናት የሠንጠረዡን ኬሚካሎች ሁሉ አንድ ላይ ደምሮ ከ1 ቶን በላይ ሊይዝ አይችልም። አንድ ቶን ማለት ከአምስት ሲ 500 ቲ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለአንድ ሙሉ መንግሥት የሚፈቀደው ጣሪያ በገናሌ ሸለቆ አንድ ጠዋት ሊጣል ከሚችለው አይበልጥም። ወሰኑን ያወጡት ሰዎች መጠኑን ሲቆርጡ የሚሠሩትን አውቀዋል።

ሦስተኛው ሠንጠረዥ ሌላ ዓለም ነው። ፎስጂን ያለው እዚህ ነው። በየዓመቱ በዓለም በሚሊዮን ቶን የሚመረት ኬሚካል ነው፤ ነጌሌ ገበያ የሚሸጠው የስፖንጅ ፍራሽ በብዛት የሚሠራው ፎስጂን በሚያልፍበት መንገድ ነው፣ የመነጽር ፕላስቲክም እንደዚሁ። አንድ ፋብሪካ በዓመት ከ30 ቶን በላይ ካላመረተ ማስታወቅ አይጠበቅበትም፤ የውጭ ተቆጣጣሪ የሚመጣበት ከ200 ቶን ሲያልፍ ነው። አሁን የደቡብ ግንባርን ቁጥር እዚህ ላይ እናስቀምጠው፦ ከ300 የሚበልጡት የፎስጂን ቦምቦች ከነቀፎአቸው 13 ቶን ገደማ ነበሩ። ዓለም ዛሬ ከመዝገብ በታች ነው ብሎ ከሚያልፈው ከግማሽ ያነሰ ማለት ነው። ሕጉን ለመክሰስ አይደለም ይህን ያነሣሁት፤ ፍራሽ የሚሠራን ሁሉ በር በር እያንኳኳ የሚቆጣጠር ድርጅት ሊኖር አይችልም። መዝገቡ ከየትኛው መጠን በታች ዝም እንደሚል ግን እኛ ከማንም በላይ ማወቅ ይገባናል።

መርዙ ከመሠራቱ በፊት ያሉት መነሻ ኬሚካሎች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ፤ መልካቸው ሰላማዊ ነውና። ቲዮዳይግላይኮል ለእስክሪብቶ ቀለምና ለጨርቅ ማቅለሚያ ያገለግላል፤ የሰናፍጭ ጋዝ መነሻም ስለሆነ በሁለተኛው ሠንጠረዥ ተይዟል። ትራይኢታኖላሚን በቆዳ ቅባትና በሻምፖ ውስጥ አለ፤ እሱም በሦስተኛው ሠንጠረዥ ተመዝግቧል። ፎስፈረስ ትራይክሎራይድ ለአረም ማጥፊያ ይውላል፤ ከነርቭ መርዝ መነሻዎችም አንዱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ቦረናንና ጉጂን ሲወር ከአውሮፕላን ከተረጩት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ማላቲዮን እንኳ ከነርቭ መርዞች ጋር በሩቅ የሚዛመድ ኬሚካል ነው። ጀርመናዊው ገርሃርድ ሽራደር ታቡን የተባለውን የመጀመሪያውን የነርቭ መርዝ ያገኘው የተባይ ማጥፊያ ሲፈልግ ነው፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም.፣ ነጌሌ ከወደቀች ዓመት ሳይሞላ።

መነሻ ኬሚካል የሸጠ ሰው ምን እንደሚያደርስ ዓለም የተማረው ከኢራቅ ነው። ፍራንስ ፋን አንራት የተባለ የኔዘርላንድ ነጋዴ ለሳዳም ሁሴን መንግሥት ከ1,100 ቶን በላይ ቲዮዳይግላይኮል አቀረበ። በኢትዮጵያ በሁለቱ ግንባሮች ከወረደው 226 ቶን አምስት እጥፍ የሚጠጋ ጥሬ ዕቃ፣ በአንድ ነጋዴ እጅ። የሳዳም ጦር የሰናፍጭ ጋዝን በኢራን ወታደሮችና በኩርዶች ላይ ተጠቀመ፤ መጋቢት 7 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐላብጃ ከተማ ላይ በጣለው መርዝ 5,000 ያህል ሰው ሞተ። ሰውየው በሄግ ፍርድ ቤት በጦር ወንጀል ተባባሪነት ተከሶ በ1998 ዓ.ም. 15 ዓመት ተፈረደበት፤ ይግባኝ ሲባል ቅጣቱ ከፍ አለ። በኢራቅ ጉዳይ የደነገጡ አገሮች በ1977 ዓ.ም. የአውስትራሊያ ቡድን የሚባለውን ማኅበር አቁመው መነሻ ኬሚካሎች ያለ ፈቃድ ከአገራቸው እንዳይወጡ መቆጣጠር ጀመሩ። በየድንበሩ ያለው የጉምሩክ ሠራተኛም ዛሬ መሣሪያ አለው፤ በብዛት የሚነገድባቸው እነዚህ ኬሚካሎች ለየራሳቸው የጉምሩክ መለያ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። በሞያሌ በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የጋራ ኬላ በርሜል የሚያወርድ መኪና ሲቆም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በርሜሉ ውስጥ ያለውን ይናገራል፤ የሚያነብ ዓይን እስካለ ድረስ።

አሁን ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን ላቁማቸው። ጥሬ ዕቃውን የሸጠው ነጋዴ እስር ቤት ገባ። መርዙን በገናሌ ሰዎች ላይ ያስጣለው ግራዚያኒ ግን በጋዝ ወንጀል አንድ ቀን አልተከሰሰም። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ካቀረበቻቸው ስሞች መካከል የሰሜን ግንባር አዛዡ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ነበሩበት፤ አንዳቸውም ተላልፈው አልተሰጡም። ጣሊያን ግራዚያኒን የከሰሰችው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ 19 ዓመት ፈርዳበት በወራት ውስጥ ለቀቀችው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. በአፊሌ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ጋዙ በኢትዮጵያ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመኑት ጥር 29 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያ ስምምነቱን ከማጽደቋ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ ከስድሳ ዓመት በኋላ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። ስምምነቱ ከጥር 1 ቀን 1925 በአውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ አንድ አገር በሌላው ምድር ያለ ፈቃድ ጥሎት የሄደውን የኬሚካል መሣሪያ የማጥፋት ግዴታ በጣዩ ላይ ያደርጋል። ጃፓን በቻይና ምድር የተወችውን የምታወጣው በዚህ አንቀጽ ነው። የ1928ቱ ወረራ በዚያ ቀን ገደብ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ በጣሊያን የጦር ቤተ መዛግብት ያሉት የደቡብ ግንባር ሰነዶች፣ የት ምን ያህል ተከማቸ፣ ምን ያህል ተጣለ፣ የተረፈው የት ደረሰ የሚለው ዝርዝር በሙሉ እንዲሰጠን መንግሥታችን በይፋ መጠየቅ አለበት። በፊልቱ፣ በዶሎ ኦዶ፣ በነጌሌ፣ በሜጋና በያቤሎ ያላችሁ መምህራንና ወጣቶችም በዕድሜ የገፉትን ሰዎች ከወላጆቻቸው የሰሙትን፣ የትኛው መሻገሪያ እንደተዘጋ፣ የማን መንጋ እንዳለቀ፣ በማንኛውም ቋንቋ ቢነገር ጠይቃችሁ መዝግቡ። ለጉድጓድ ወይም ለመንገድ ሲቆፈር አሮጌ የብረት በርሜል ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ከተገኘ ደግሞ አትንኩት፣ ለቁራሌው አትሽጡት፤ ሰውና ከብት አርቁና ለፖሊስ አስታውቁ።